ሦስተኛው ትሪ

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አማርኛ አነባለሁ፤ እንደምታዩት ቀስ እያልኩም ቢሆን እጽፋለሁ። የፈረንጅ ፊደል ግን በዚያን ጊዜ ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ዘመኑ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው። መርካቶ ውስጥ ቆርቆሮ ሠራተኛ ነበርኩ። ከዘይት ጣሳ ኩራዝ፣ ከአሮጌ ጣራ ሳጥን እሠራ ነበር። አባቴም ያው ነበር ሥራው። ቀበሌ ለዘመቻ ስሜን ጽፎ ወሰደኝ። ከማሠልጠኛው ወደ ግንባር ሲጭኑን ዲላን ሳናልፍ... አይ፣ መንገዱን ልተወው፤ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ብቻ ከድቼ በሞያሌ በኩል ወጣሁ። ባለቤቴንና የአራት ዓመት ልጄን ደህና ሁኑ አላልኳቸውም።

ናይሮቢ ስደርስ የማውቀው ሰው አልነበረም። ኢስሊ በሚባል ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ያገሬ ሰው ናቸው ያስጠጉኝ። በሱቃቸው ጓሮ በጣቃዎቹ መሃል እተኛለሁ። ሥራም ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ሚስተር ራምጂ ከሚባል ህንድ ዘንድ፤ ታፔላ የሚሠራ ሰው ነው። እኔና አንድ ሙቲሶ የሚባል የካምባ ጎሳ ሰው ነበርን ብረት ቆራጮቹ። ሙቲሶ በዕድሜ ይበልጠኛል። ስሜን ተክሌ ብዬ ብነግረውም አንድ ቀን እንኳ ጠርቶበት አያውቅም። "ሀበሺ" ነበር የሚለኝ። እኔም "ፉንዲ" እለው ነበር፤ ባለሙያ ማለት ነው በነሱ ቋንቋ።

ወረቀት አልነበረኝም። መታወቂያቸውን ኪፓንዴ ይሉታል። ኪፓንዴ የሌለው ሰው መንገድ ላይ አይዘገይም፣ ቀና ብሎ አያይም፣ ሰው አይጠይቅም። እኔም አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲሁ ኖርኩ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ግን ማታቱ፣ የነሱን ታክሲ፣ ስጠብቅ ፖሊሶች ያዙኝ።

ሚስተር ራምጂ ሰምቶ ጣቢያ መጣ። ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። የጣቢያው ሹም ረጋ ያለ፣ ወፍራም ሰው ነው። ከራምጂ ጋር ሲነጋገሩ ቆይተው ወደኔ ዞረና በስዋሂሊ እንዲህ አለኝ፦

"ሰኞ፣ አራት ሰዓት። ይህ ሰውዬ ራሱ፣ በአካል፣ ፈርሞ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። አንተም አብረህ ትቆማለህ። ያኔ ወረቀት እሰጥሃለሁ። ካልመጣችሁ ማክሰኞ ወደ ሞያሌ የሚሄድ መኪና አለ።"

ሰዓት አቆጣጠራቸው እንደኛ ነው። አራት ሰዓት ማለት አራት ሰዓት ነው። ሞያሌ ላይ ቢያስረክቡኝ፣ የከዳ ሚሊሺያ ምን እንደሚደረግ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም አውቅ ነበር።

እስከ ሰኞ በራምጂ ዋስትና ለቀቀኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ራምጂ አላየኝም። መንገዱን እያየ "ሰኞ ጠዋት የዌስትላንድሱ ታፔላ ይሰቀላል" አለኝ። "ሦስት ተኩል ላይ ጨርሰህ ጠብቀኝ። ይዤህ እሄዳለሁ።"

"እሺ ብዋና" አልኩት፤ ጌታዬ ማለት ነው።

"ታፔላው ከተበላሸ ግን የትም መሄጃ ጊዜ የለኝም።"

ስለ ታፔላው ልንገራችሁ። ዌስትላንድስ ውስጥ አንዲት የዓይን ሐኪም መነጽር ቤት ልትከፍት ነው። ዳክታሪ ነው የሚሏት፤ ረጅም፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ኬንያዊት ናት። ሰኞ አምስት ሰዓት እንግዶቿን ደጅ አቁማ ከታፔላው ሥር ፎቶ ልትነሳ አስባለች። ራምጂ ደግሞ በሱቃችን ተሠርቶ የማያውቅ ነገር ቃል ገብቶላታል። በመርከብ አራት ላሜራ አስመጣ። ላሜራው እንደ ቆርቆሮ አይደለም። ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቆዳዎች ናቸው፤ በመሃላቸው ጥቁር ፕላስቲክ አለ። ፊቱ ብርማ ነው፤ እንዳይጫር ነጭ የፕላስቲክ ሽፋን ተለጥፎበታል። ሽፋኑ የሚላጠው ከተሰቀለ በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላሜራውን በፊቱ ታስተኛውና ከጀርባው በማሽን ቦይ ታወጣለህ። የጀርባው ቆዳ ይቆረጣል፣ ፕላስቲኩም ይቆረጣል፤ የፊቱ ቆዳና ከፕላስቲኩ የሽንኩርት ልጣጭ የምታህል ስስ ነገር ብቻ ትቀራለች። ማዕዘኖቹን ቆርጠህ ትጥላለህ። ከዚያ በእጅህ ታጥፈዋለህ፤ አራቱም ጎን ይቆምና ትሪ ይሆናል። ቆርቆሮ ይቅር ባይ ነው፤ ቢጣመም ትከፍተዋለህ፣ ቀጥቅጠህ እንደገና ታጥፈዋለህ። ይሄኛው ግን የሚታጠፈው አንዴ ነው። ከፍቼ ላስተካክል ብትል ፊቱ ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያውን ላሜራ ሙቲሶ አጥልቆ ቆረጠውና ሲያጥፈው እንደ ደረቅ ቂጣ ቀጭ አለ። ራምጂ ስብርባሪውን አንስቶ አየውና፣ ሳይጮህ፣ "ሙቲሶ፣ አንዴ ይድገምህና ወደ አገርህ ወደ ማቻኮስ፣ ፍየሎችህ ዘንድ ትሄዳለህ" አለው። ለሦስት ትሪ ሦስት ላሜራ ቀረን። መለዋወጫ የለም።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። የማሽኑን መለኪያ ባላነብም ጆሮ አለኝ። ማሽኑ ፕላስቲኩን ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ ወፍራም ነው፤ ወደ ፊቱ ቆዳ ሲጠጋ ቀጠን ይላል። ሊቀጥን ሲል አቆማለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ትሪ እንዲህ አድርጌ አወጣሁ። ሙቲሶ አጠገቤ ቆሞ፦

"ሀበሺ፣ አንተ ላሜራ አትቆርጥም፤ ሙሽራ ነው የምታስተኛው" ይለኛል።

"ዝም በል፣ ድምፁን እየሰማሁ ነው።"

"ምን ይልሃል?"

"ሙቲሶን አርቅልኝ ይላል።"

ሦስተኛውን ላሜራ ስናወጣ ከግራው ጫፍ ትንሽ ተጎድቷል። መርከብ ላይ ይሁን መኪና ላይ፣ የሆነ ነገር ገጭቶታል፤ ጉዳቱ አንድ ጣት ቢሆን ነው። ሙቲሶ ራሱን ያዘ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ላሜራው ከትሪው ስለሚረዝም ከቀኝ በኩል አንድ ስንዝር እየቆረጥን እንጥላለን። ማስቆሚያውንም፣ ምልክቶቹንም ጠረጴዛው ላይ የሠራነው ለዚያ ነው። የተጎዳው ግን ግራው ነው። ምልክቱን ሁሉ አፍርሶ እንደገና መሥራት ግማሽ ቀን ይፈጃል። አባቴ ደግሞ ልጅ ሆኜ ያስተማረኝ ነገር አለ፤ ቆርቆሮ ሲጎዳብህ ልኩን አትንካ፣ ቆርቆሮውን አዙር ይለኝ ነበር።

"ፉንዲ፣ ያዝ" አልኩት። በሁለት ጫፍ አንስተን ላሜራውን አዞርነው፤ ራሱ ወደ እግር፣ እግሩ ወደ ራስ። የተጎዳው ጫፍ ወደ ቀኝ ሄደ። ቆረጥነው፣ ጣልነው። አለቀ።

ሙቲሶ ሳቀ፤ ጀርባዬን መታኝ። "እናንተ አገር ትምህርት ቤቱ የት ነው? ልጄን ልልከው ነው" አለኝ።

ላሜራውን ስናዞር ግን ሽፋኑ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ። ቀስት ነው። ትንንሽ ሰማያዊ ቀስቶች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድረዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

ሙቲሶ ጎንበስ ብሎ አየው። "መርከብ ላይ ሲጭኑት ነዋ። በየት በኩል እንደሚገባ ለጫኞቹ ነው።"

"አሃ።"

ይኸው ነው። "አሃ" አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ አጠፍነው። ሦስተኛው ትሪ ላይ ፊደል የለም፤ መሃሉ ላይ ከጥቁር ፕላስቲክ የተቆረጠ ትልቅ የመነጽር ምስል ነው የሚሰቀልበት፤ በአራት ብሎን። ቀዳዳውን የበሳሁት እንደ ልማዴ ነው። ቡናማ ወረቀት በትሪው ልክ ቆረጥኩ፤ ለሁለት አጠፍኩት፣ እንደገና ለሁለት አጠፍኩት፤ በአራቱም ድርብ አንድ ጊዜ በሚስማር ወጋሁና ዘረጋሁት። አራት ቀዳዳ። ሜትር አልያዝኩም። ሜትር ብይዝም የኢንቹና የሴንቲሜትሩ ነገር ያደናግረኝ ነበር።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩ አላውቅም። ሐጂ ኑሩ ሸሚዝ ሰጡኝ፤ ከራሳቸው ሱቅ፣ ያልተለበሰ።

"ሹም ፊት እንዲህ ሆነህ አትቀርብም" አሉኝ። "ተክሌ፣ ሲጠይቁህ ቀና ብለህ ተናገር። ሌባ አይደለህም።"

"እሺ ሐጂ።"

"ፈርተሃል?"

"ፈርቻለሁ።"

"ደግ። እኔም ስላንተ ፈርቻለሁ። አሁን ሂድና ተኛ።"

ሰኞ ገና ሳይረፋፍድ ዌስትላንድስ ነበርን። አዲሱን ሸሚዝ በጋዜጣ ጠቅልዬ መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩ። መወጣጫውን አቁመን፣ ግድግዳው ላይ የታሰረው ብረት ላይ ሦስቱን ትሪዎች ጎን ለጎን አሰርናቸው። ፊደሎቹን በሁለቱ ላይ፣ መነጽሩን በሦስተኛው ላይ ሰቀልን። ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ሽፋኑን ላጥን። ሽፋኑ ሲላጥ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይላል። ሦስቱም ብርማ፣ ሦስቱም ቀጥ ያሉ። ከፊት ለፊታችን ረጅም ፎቅ አለ፤ ፀሐይዋ ገና ከኋላው ስለሆነች እኛ ጥላ ውስጥ ነን።

ራምጂ መጣ። ወደ ኋላ ሄዶ ቆሞ አየው። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ያን ጊዜ ነው ጥርሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት።

"ሀያ፣ ሀበሺ፣ ግባ እንሂድ። ጣቢያው ሩቅ ነው።"

ሙቲሶ ከላይ ሆኖ በመዶሻው ሰላምታ ሰጠኝ። "ወረቀት ስታገኝ ሻይ ትጋብዘኛለህ! ከነማንዳዚው!" ማንዳዚ የነሱ ቦምቦሊኖ ነው።

መኪናው የቆመው ፎቁ ከሚያልቅበት አለፍ ብሎ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ሸሚዜን ቀየርኩና በሩን ከፈትኩ። በሩ ሲከፈት የመስተዋቱ ነጸብራቅ መንገዱን ተሻግሮ ሄደና ታፔላው ላይ ዓረፈ። የመጀመሪያው ትሪ አበራ። ሁለተኛው አበራ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጠቆረ።

ዓይኔ ነው አልኩ። በሩን ገፋ፣ ሳብ አደረግኩት። ብርሃኑ ሄደ፣ መጣ። አበራ፣ አበራ፣ ጠቆረ። ሁለቱ እንደ ብር ናቸው፤ ሦስተኛው ውኃ እንደፈሰሰበት አመድ ነው።

"በሩን ምን እያደረግከው ነው?" አለ ራምጂ፤ ሞተሩን አስነስቷል።

ገባሁ። በሩን ዘጋሁት። መኪናው ሄደ።

እውነቱን ነው የምነግራችሁ፤ ዝም አልኩ። ቀስቶቹ መጡብኝ፤ ሰማያዊዎቹ። ሁለቱ ላሜራ ላይ ወደ ቀኝ ያዩ ነበር። ያዞርኩት ሦስተኛው ላይ ወደ ግራ ማየት አለባቸው። ለጫኞቹ አልነበረም ማለት ነው። አየህ ተክሌ፣ አልኩ በልቤ፣ ማንም አላየም። ፀሐይዋ ፎቁን እስክታልፍ አንተ ወረቀትህን ይዘሃል። ከዚያ በኋላ ቢጮሁም ይጩሁ። ደግሞስ ራምጂ ቃሉን የሰጠው ለታፔላው ነው እንጂ ለኔ ነው?

ከዚያ ሙቲሶ መጣብኝ። ፀሐይዋ ስትወጣ እዚያ የሚገኘው እሱ ነው። መወጣጫው ላይ፣ መዶሻ ይዞ። ራምጂ ሲመለስ እንግዶቹ ሦስተኛውን ትሪ ሲጠቋቆሙ ያገኛል፤ ከሥሩም ሙቲሶን። "አንዴ ይድገምህ" ብሎታል እኮ።

አደባባዩ ጋ ደርሰናል።

"ብዋና፣ መኪናውን አቁም።"

"ምን ረሳህ?"

"አልረሳሁም። ሦስተኛው ትሪ ከሁለቱ ይለያል። ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል።"

መኪናውን ዳር አቆመ። "ምን ማለትህ ነው?"

"ላሜራውን አዙሬዋለሁ። ጫፉ ተጎድቶ ነበር። ቀስቱን አይቼው ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።"

መሪውን በመዳፉ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ። "የፋብሪካውን ወረቀት ለጥፌላችሁ ነበር! ግድግዳው ላይ! ቀስቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሁኑ፣ አለበለዚያ ቀለሙ ይለያያል ይላል! በትልቁ ተጽፏል!"

ወረቀቱን አውቀዋለሁ። እኔና ሙቲሶ በየቀኑ ከሥሩ ተቀምጠን ነበር ሻይ የምንጠጣው።

"ማንበብ አልችልም፣ ብዋና።"

"ለምን አልጠየቅክም?"

ምን ልበለው? የሚደበቅ ሰው አይጠይቅም።

"ሙቲሶ ነው ያዞረው?"

"እኔ ነኝ። እሱ ያዘልኝ እንጂ፣ አዙር ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሊሆን ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማኝ። ጣቢያ ከሄድን ፀሐይዋ ትቀድመናለች። ከተመለስን አራት ሰዓት ያልፋል። የኔ ታፔላ ነው፤ አንገቱ ግን ያንተ ነው። አንተ ተናገር።"

አንድ ማታቱ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈን። ልጄ ፊቴ ድቅን አለች፤ ወድቃ የፊት ጥርሷ ተሰብሮ ነበር ስለያት።

"አዙረው" አልኩ።

አዞረው።

ስንደርስ ሙቲሶ ከላይ ሆኖ "ምነው፣ በዚህ ፍጥነት ወረቀት ሰጡህ?" አለ። ሽቅብ እየወጣሁ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

"አንተ ሞኝ! ወረቀትህን ይዘህ ከመጣህ በኋላ አትነግረንም ነበር?"

"ያኔ አንተ ማቻኮስ ነህ።"

ትራፓኖውን፣ መሰርሰሪያውን፣ አነሳ።

ራምጂ ከታች ጮኸ፦ "አሁን ምን ልታደርጉ ነው? ሌላ ላሜራ የለም!"

"ይህንኑ እናዞረዋለን፤ ራሱን ወደ እግር። ትሪው ከላይም ከታችም አንድ ነው። ቀስቱ ወደ ወንድሞቹ ይዞራል።"

"መነጽሩስ? ቀዳዳዎቹ? አንድ ጣት ቢሳሳቱ አራት ባዶ ቀዳዳ አፍጥጦ ይታያል!"

"ይገጥማሉ።"

"በምን አወቅህ? በሜትር ለካኸው?"

"የለም።" ወረድኩና ከራምጂ የደረት ኪስ ብቅ ያለች ወረቀት ሳብኩ። ለሁለት አጠፍኳት፣ ለሁለት አጠፍኳት፣ በሚስማር ወጋኋት፣ ዘርግቼ ሰጠሁት። "አሁን ገልብጣት።"

ገለበጣት። አራቱ ቀዳዳዎች ቀድሞ በነበሩበት ናቸው። እንደገና ገለበጣት። ከዚያ ወረቀቷን እያየ "ይህቺ እኮ ደብዳቤህ ናት" አለኝ። "ትናንት የጻፍኩልህ።"

የምገባበት ጠፋኝ። እሱ ግን ወደ መነጽር ቤቱ ስልክ እየሄደ ነበር።

መነጽሩን አወረድን። ቪቴዎቹን አንድ በአንድ ፈታን። ፀሐይዋ ፎቁን እየወጣች ስለሆነ ብርሃኑ ከኛ ግድግዳ ጣራ ላይ ጀምሮ ቁልቁል መምጣት ጀምሯል፤ መስመሩ በዓይን ይታያል። የላይኛው ፎቅ መስኮቶች በርተዋል። ትሪው ቀላል ነው፤ ግን ረጅም ነው፤ ትንሽ ቢጠመዘዝ የታጠፈው ይሰነጠቃል። ሁለታችንም ጠባቧ ሳንቃ ላይ ቆመን፣ ፊት ለፊት እየተያየን፣ ቀስ እያልን አዞርነው።

"ቀስ፣ ሀበሺ።"

"ቀስ፣ ፉንዲ።"

"ተንፍስ እንጂ!"

"አንተም ተንፍስ።"

ገባ። እኔ በጫንቃዬና በሁለት እጄ ደግፌ ይዤው፣ ሙቲሶ ከወዲያኛው ጫፍ ማሰር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የፖሊሱ መኪና የቆመው።

ራምጂ ስልክ ሲደውል ለሹሙ እውነቱን ነግሮት ኖሯል፤ ሰውዬው መወጣጫ ላይ ነው፣ መምጣት አንችልም ብሎ። ሹሙ ራሱ መጣ። ቆቡን አስተካክሎ ቀና አለ።

"አንተ! ስንት ሰዓት ነው?"

"አራት ሰዓት አልፏል፣ አፋንዴ" አልኩ፤ ፖሊስ የሚጠራው እንዲያ ነው።

"ውረድ።"

"ብለቀው ይወድቃል፣ አፋንዴ።"

"ውረድ አልኩህ።"

"እወርዳለሁ። ቪቴው ሲያልቅ እወርዳለሁ። አልሮጥም። የት እሮጣለሁ፣ እጄ ተይዟል።"

ሐጂ እንዳሉኝ ቀና ብዬ መናገሬ ነው እንግዲህ፤ አንገቴ ግን ትሪው ሥር ስለነበር ሰውየውን በደንብ አላየሁትም። ሙቲሶም ትራፓኖውን አቁሟል።

"አንተኛው፣ ለምን ቆምክ?" አለው ሹሙ። "ስንት ቀረህ?"

"አስራ አንድ፣ አፋንዴ።"

"እሰር እንጂ!"

ሙቲሶ አሰረ። ሹሙ ከታች ሆኖ ይቆጥራል። አስር። ዘጠኝ። ስምንት ላይ መወጣጫው ተነቃነቀ፤ ሹሙ ጠጋ ብሎ የመወጣጫውን እግር በጫማው ረገጠው፣ በእጁም ያዘው። ብርሃኑ ከኛ በላይ አንድ ክንድ ቀርቶታል። አራት። ሦስት። ዳክታሪዋ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። የመጨረሻው ሲታሰር መነጽሩን ሰቀልነው። አራት ብሎን፣ አራት ቀዳዳ። አራተኛው ሲገባ ሙቲሶ በካምባኛ አንድ ነገር አለ፤ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ወረድኩ። ሹሙ ክንዴን ያዘኝ። ራምጂ የተበሳችውን ደብዳቤ ዘርግቶ ሰጠው።

"ይህ ምንድን ነው? ቀዳዳ?"

"ይቅርታ። ሌላ እጽፋለሁ።"

ሹሙ አነበበው። በዚያው ቅጽበት ብርሃኑ ወረደና ታፔላው ላይ ደረሰ። ሁላችንም ዞርን። ከዳር እስከ ዳር አንድ ብር፤ አንድ ወጥ። ዳክታሪዋ መነጽሯን አውልቃ አየች፣ መልሳ አድርጋ አየች።

"ቆንጆ ነው" አለች፤ ገባችም።

ሹሙ ክንዴን ሳይለቅ "የትኛው ነው የተሳሳተው?" አለኝ።

አሳየሁት። ጠጋ ብሎ አየ፤ ወደ ኋላ ሄዶ አየ። "አይታይም" አለ።

"አሁን አይታይም፣ አፋንዴ።"

"ቅድምስ ማን አየው?"

"እኔ።"

"ሌላስ?"

"ማንም።"

ያን ጊዜ ለቀቀኝ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ደብዳቤውን የመኪናው አፍንጫ ላይ አስተኛው፤ ቀዳዳዎቹን እየዘለለ ከሥሩ ጻፈበት፣ ፈረመ። "ሦስት ወር" አለ። "ከዚያ ትመጣለህ። በሰዓቱ።"

በሰዓቱ ሄድኩ። ከዚያም ደጋግሜ ሄድኩ። ሦስት ወሩ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱ ሌላ ዓመት ወለደ። ደርግም ወደቀ፤ ባለቤቴና ልጄ በዚያው በሞያሌ መንገድ መጡልኝ። ሙቲሶ እስኪሞት ድረስ አብሮኝ ሠራ። ሻዩን ጋብዤዋለሁ፤ ከነማንዳዚው።

አሁን አንባቢዎቼ፣ ይህ ቀን ምን ለወጠብኝ ብትሉኝ፣ ወረቀቱን አልላችሁም። በዚያው ሳምንት ከግድግዳው ላይ ያን የፋብሪካ ወረቀት አንስቼ ራምጂ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና "ብዋና፣ ይቺ የመጀመሪያዋ ፊደል ምን ትባላለች?" አልኩት። ከዚያ በፊት ሰው የማልጠይቀው ላለመዋረድ ይመስለኝ ነበር። ፍርሃት ነበር። መጀመሪያ ፖሊስ ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ኋላ ዝምታው ለመደኝና ጠባዬ ሆነ። አንዲት ቀስት ምን ማለት እንደሆነች ጠይቆ ለማወቅ ግድግዳው ድረስ አምስት እርምጃ ነበር፤ ያን አምስት እርምጃ ባለመሄዴ አንገቴንም የሰውንም እንጀራ አስያዝኩ። እናንተም የማታውቁት ምልክት እጃችሁ ላይ ሲገባ "አሃ" አትበሉ። ብትዋረዱም ጠይቁ።

የደብዳቤዋ ቅጂ ሳይሆን ራሷ ዛሬም እኔ ዘንድ ናት፤ አራት ቀዳዳ፣ ሁለት ፊርማ። ከእሷ ጋር ከሦስተኛው ትሪ ከላጥነው ሽፋን የቀደድኩት ቁራጭ አለ። ናይሮቢ የተወለደችው የልጅ ልጄ በቀደም ከቦርሳዬ አወጣችውና "ባቡ፣ ይሄ አሮው ምንድን ነው?" አለችኝ፤ ባቡ አያት፣ አሮው ቀስት ነው። ቁጭ ብዬ ይህንኑ ነገርኳት። ሲያልቅ ቁራጩን መልሳ ልትከት አለችና ቆመች።

"በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለችኝ።

"ቀስቱ ወደ ላይ" አልኳት።